ክሬን ስትከራዩ ስለ ፍሬኑም ጠይቁ

እዚህ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ኬላ ወረፋ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ዕቃችሁ ኬላውን አልፎ፣ ቀረጡ ተከፍሎ፣ እናንተም «እፎይ» ካላችሁ በኋላ ስላለችው የመጨረሻ ሰዓት ነው። ወፍጮው፣ ጄኔሬተሩ ወይም የውኃ ፓምፑ ከመኪና ላይ ወርዶ መሬት እስኪነካ ድረስ ስላለችው ሰዓት። ብዙ ነጋዴ ይህችን ሰዓት የሹፌሩ ጉዳይ አድርጎ ይተዋታል። እኔ ደግሞ የሁላችንም ጉዳይ ናት እላለሁ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

እኔ ሹፌር ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው ከጋቢናው ኋላ ክሬን በተገጠመለት መኪና ነው። ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ ባለው መስመር ዲላም፣ ሀገረ ማርያምም፣ ያቤሎም፣ ሜጋም ዕቃ አውርጃለሁ። አንዳንዴም ድንበር ተሻግሬ እስከ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ እወርዳለሁ። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች የሞያሌን የጋራ ኬላ መርቀው ከከፈቱ ወዲህ፣ በእኛ መስመር ስለ ማሽን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ሥራ መብዛቱ ጥሩ ነው። ጥድፊያውም አብሮ መብዛቱ ግን ያሳስበኛል።

መጀመሪያ ክሬን ከሌላ ጭነት መኪና በምን እንደሚለይ ልናገር። ጭነት መኪና ዕቃውን አውርዶ ባዶውን ሲመለስ ይቀለዋል፤ ፍሬኑም ቶሎ ይይዛል። ክሬን ግን ባዶውን የሚሄድበት ቀን የለም። ክንዱ፣ ፓምፑ፣ እግሮቹና የብረት ወንበሩ ሁልጊዜ ጀርባው ላይ ናቸው። ይህ ሁሉ ብረት ደግሞ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ መታጠፊያ ላይ መኪናው ወደ ጎን መጋደም ይፈልጋል። አንድ ኢሱዙ በ50 የሚታጠፈውን ኩርባ እኔ በ30 ነው የምታጠፈው። ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክሱን ቢያስጮህም ልማዴን አልለውጥም። ፍጥነት የምቀንሰው ኩርባው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ሳይሆን ሳልገባ ነው፤ በመታጠፊያ መሐል የተረገጠ ፍሬን ጎማ ያንሸራትታል።

ከመነሳቴ በፊት አንድ ዙር መኪናዬን እዞራለሁ። ክንዱ ታጥፎ በቦታው መተኛቱን፣ መንጠቆው መታሰሩን አያለሁ። እግሮቹ ሙሉ በሙሉ ገብተው መቆለፊያቸው መግባቱን በዓይኔ ብቻ ሳይሆን በእጄ ነክቼ አረጋግጣለሁ። መቆለፊያው ያልገባ እግር መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ሊወጣ ይችላል፤ ከወጣ ደግሞ በመንገድ ዳር የሚሄደውን ሰው እንደ ማጭድ ነው የሚያጭደው። ቀጥሎ ሞተሩን ከክሬኑ ፓምፕ ጋር የሚያገናኘው ፒቲኦ መፈታቱን አያለሁ። ክሬኑ ታጥፎ ስንት ሜትር ከፍታ እንዳለውም በወረቀት ጽፌ ጋቢናው ውስጥ ለጥፌያለሁ። ከተማ ውስጥ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦና ዝቅ ያለ የግቢ በር ባለበት ቦታ «ያልፍ ይሆናል» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልግባ። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በአየር ነው። ጠዋት ሞተር አስነስቼ የአየሩ መለኪያ ሳይሞላ አልንቀሳቀስም። ነጋዴው በር ላይ ቆሞ «እንሂድ እንጂ» ቢለኝም መለኪያውን አሳየዋለሁ። ማታ ሥራ ስጨርስ ደግሞ ከአየር ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ አስወጣለሁ። ይህ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የተተወ ውኃ ግን ቫልቭ ያበላሻል፣ የአየሩንም ቦታ ይይዛል።

የእጅ ፍሬኑን ብዙ ሰው በስሕተት ነው የሚረዳው። በአየር የሚይዝ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚይዘው ጠንካራ ሞላ ነው። የአየሩ ሥራ ሞላውን ወደ ኋላ ገፍቶ ጎማውን መልቀቅ ነው። አየር ሲወጣ ሞላው ይዘረጋና ጎማውን ጨምድዶ ይይዛል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ አየሩ ቢያልቅ እንኳ ፍሬኑ አይለቅም። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን በአብዛኛው መኪና ላይ ይህ ሞላ ያለው የኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን የሚገደለው በእግር ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ትወርዳላችሁ። በኬንያ በኩል ከናንዩኪ ተነስቶ በቲማው ወደ ኢሲዮሎ የሚወርደውም መንገድ ከኬንያ ተራራ ትከሻ ወደ ቆላው ይጥላችኋል። እንዲህ ባለ ቦታ ፔዳሉን ረግጦ ይዞ የሚወርድ ሹፌር መሐል ላይ ፍሬን አልባ ይሆናል። ሸራውና ታምቡሩ ይግላሉ፤ የጋለ ሸራ ደግሞ አይነክስም። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ይሸታችኋል፣ ቀጥሎ ጭስ ታያላችሁ፣ ከዚያ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አልሰማ ይላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ቀንሶ ከባድ ማርሽ ማስገባት ነው። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር። ዘመናዊው መኪና ለመውጣት ጉልበት ስላለው፣ እኔ አንዳንዴ ከዚያም ዝቅ አደርጋለሁ። መኪናውን የሚይዘው ሞተሩና የሞተር ፍሬኑ ነው፤ የእግር ፍሬኑ የሚረዳ ብቻ ነው። በሰዓት 40 ለመውረድ ከወሰንኩ፣ 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርጌ ረግጬ ወደ 30 አወርደውና እለቀዋለሁ። እንደገና 40 እስኪደርስ ሸራው ይተነፍሳል። ቀስ አድርጎ ያለማቋረጥ መርገጥ ልስላሴ ይመስላል፤ ሸራውን የሚያነደው ግን እሱ ነው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁል በዜሮ ማርሽ የሚለቅ ሹፌር ካያችሁ ዕቃችሁን አውርዱና ሌላ ፈልጉ። በኬንያ ከናኩሩ ወደ ኤልዶሬት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ሳልጋን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስሙ የገነነው በከባድ መኪና አደጋ ነው። የተቆጠበ ጥቂት ሊትር ነዳጅ የሰው ነፍስ አያክልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መቆሚያው እጥፍ ብቻ አይሆንም። በ30 ሲሄድ ፍሬን ከያዘበት ቦታ አንስቶ 10 ሜትር የሚፈልግ መኪና፣ በ60 ሲሄድ 40 ሜትር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከፊት ካለው መኪና ብዙ ርቀት የምተወው። ክፍተቱን አይቶ ሌላ መኪና ቢገባበትም እንደገና ወደ ኋላ እቀራለሁ። የኬንያ ሹፌሮች «ፖሌ ፖሌ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

እስካሁን ያልኩት ስለ ጉዞ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ከቆመ መኪና ጋር የተያያዘ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ከተማ፣ አንድ ክሬን ዕቃ ሊያወርድ ከግቢ በር ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ተንሸራተተ። መኪናው የእኔ አልነበረም። ረዳት ሆኖ ይሠራ የነበረው ልጅ ግን ከእኔ ጋር አንድ ዓመት ሠርቷል። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነበር። «ጋሼ» ነበር የሚለኝ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ገንዘብ ያጠራቅም ነበር። መኪናው ሲንሸራተት እሱ በመኪናውና በግንቡ መሐል ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ጣውላ ያስተካክል ነበር። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ለቅሶ ላይ የሰማሁት አንድ ቃል ነው። «ፍሬን በጥሶ ነው።» ሹፌሩም እንዲያ አለ፣ ነጋዴውም እንዲያ አለ፣ ሠፈሩም እንዲያ አለ። ፍሬን በጠሰ ከተባለ ደግሞ ጥፋቱ የብረት ነው፤ የብረትን ጥፋት ማንም አይጠይቅም። እናቱም ቀና ብላ «የእግዜር ሥራ» አለች።

በማግስቱ ያንን መኪና ከግንቡ ላይ ጎትቼ እንዳወጣ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ነበር። አየሩም አልፈሰሰም። ከሥር ገብቼ ሳይ ሞላውም ሸራውም ደኅና ነበር። ወጥቼ መሬቱን አየሁት። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፣ ጠዋት ዘንቦ ነበር። በድንጋዩ ላይ ሁለት ነጭ ጭረቶች ነበሩ፤ የክሬኑ የኋላ እግሮች ብረት የፋቀው ነው። የኋላ ጎማዎቹ የተጎተቱበት ምልክት ግን የለም። አንድም መስመር የለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ፍሬኑ አልበጠሰም። ፍሬኑ ጎማውን ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ የያዘው ጎማ ግን አየር ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ አቆመ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ክሬን ለማንቀሳቀስ ሞተሩ መሥራት አለበት፣ ፒቲኦው መያያዝ አለበት፣ ማርሹ ደግሞ ዜሮ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ እንደ ተራ መኪና «ማርሽ ውስጥ አስገብቼዋለሁ» ማለት አይቻልም፤ ሞተሩ መኪናውን አይዘውም። ሹፌሩ ቀጥሎ መኪናው ለጥ እንዲል የኋላ እግሮቹን አወረደና ከፍ አደረገው። የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ለቀቁ። የእጅ ፍሬኑ ያለው እነሱ ላይ ብቻ ነው። የፊት ጎማዎቹ ነፃ ናቸው፤ ይሽከረከራሉ። ከፊት ጎማ ሥር ታኮ አልነበረም። የብዙ ቶን መኪና ቁልቁል እንዳይሄድ የያዘው በእርጥብ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ የሁለት ብረት ሰበቃ ብቻ ነበር።

ይህን ለነገርኳቸው ሰዎች አንዳንዶቹ «አሁን ምን ያደርጋል፣ ልጁ አይመለስ» አሉኝ። አይመለስም። ነገር ግን «ፍሬን በጠሰ» ብለን ከተውነው ነገም ሌላ ሹፌር ፍሬኑን አስፈትሾ፣ አዲስ ሸራ አስገብቶ፣ ያንኑ ሥራ ያንኑ ቦታ ላይ ይሠራል። አዲስ ሸራ አየር ላይ ያለ ጎማን መሬት አያስነካውም።

ከዚያ ወዲህ ክሬን ለሥራ የማቆምበት ቅደም ተከተል አይዛነፍም። አንደኛ፣ ወርጄ በእግሬ መሬቱን አየዋለሁ። ቁልቁለቱን፣ ርጥበቱን፣ ከሥሩ ምን እንዳለ እጠይቃለሁ። የሽንት ቤት ጉድጓድ የት ነው? በቅርብ ተቆፍሮ የተደፈነ ቦይ አለ? ጥቁር አፈር ነው? የቦይ ጠርዝ ምን ያህል ቅርብ ነው? ላዩ ደረቅ የሆነ ጥቁር አፈር ከሥሩ ጭቃ ነው፤ የክሬን እግር እንደ ቢላ ይገባበታል። ሁለተኛ፣ የእጅ ፍሬን እስባለሁ። ሦስተኛ፣ ገና አንድም እግር ሳይወርድ በቁልቁሉ በኩል የፊቱንም የኋላውንም ጎማ በታኮ አስደግፋለሁ። ታኮ የምለው መንገድ ዳር የተገኘ ክብ ድንጋይ አይደለም፤ ልክ ያለው፣ ጎማውን የሚነክስ ነው። አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ ይገባል። ጣውላው ሲገባ እግሩ አይንቀሳቀስም፤ እግሩ ሲንቀሳቀስ ረዳቱ ራቅ ብሎ እኔ የማየው ቦታ ላይ ይቆማል። በመኪናና በግንብ መሐል የሚቆም ሰው የለም። ማንም ቢሆን።

አምስተኛ፣ እግሮቹን የማወርደው የመኪናውን ክብደት እስኪቀበሉና መኪናው እስኪረጋ ነው እንጂ ጎማ እስኪነሣ አይደለም። የእጅ ፍሬን ያለበት ጎማ መሬቱን እንደነካ መቆየት አለበት። ጎማው ሙሉ በሙሉ እንዲነሣ የሚፈልጉ ትልልቅ ክሬኖች አሉ፤ የማንሳት ሰንጠረዣቸው የተሠራው በዚያ ነው። እነሱ ግን የሚቆሙት ለጥ ባለና በጠነከረ መሬት ላይ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን የመኪናው መጽሐፍ እንጂ የጓደኛ ወሬ አይደለም። በመጨረሻም ከማንሻዎቹ አጠገብ ያለውን ውኃ ልክ አያለሁ። አረፋዋ መሐል ካልሆነች ዕቃ አላነሣም። እግሮቹን ለማስተካከል ብዬ ጎማ ማንሳት ካስፈለገኝ ደግሞ መሬቱ ለሥራ አይሆንም ማለት ነው፤ ቦታ እቀይራለሁ።

ሥራው ሲያልቅም እንዲሁ ነው። ክንዱ ይታጠፋል፣ እግሮቹ ይነሣሉ፣ ፒቲኦው ይፈታል፤ ታኮ የሚነሣው ከሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ዕቃው ከወረደ በኋላ ይዘናጋል። እግሮቹ ሲነሡ ግን መኪናው እንደገና በፍሬኑና በታኮው ብቻ ነው የሚያዘው።

አሁን «ይህ ሁሉ የሹፌር ሥራ አይደል ወይ፣ ለእኛ ምን ትነግረናለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ስለ አንዲት ነጋዴ ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት ወደ ያቤሎ አካባቢ የወፍጮ ማሽን ከነሞተሩ ላወርድ ሄጄ ነበር። ባለቤቷ ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ዕቃውን ከናይሮቢ ድረስ ሄደው ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ወፍጮ ቤታቸው ያለው ዳገት ላይ ነው። መሬቱ እርጥብ ነበር።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ አላወርድም» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው? ሒሳብህን ተስማምተን አይደል እንዴ የመጣኸው? ባለፈው ሌላው ሰው ሲሚንቶ ማደባለቂያ እዚሁ አውርዶ ሄዷል!»

«ያኔ መሬቱ ደረቅ ይሆናል እትዬ። አሁን ረጥቧል። መኪናዬ እዚህ እግሩን ቢያወርድ የሚይዘው ነገር የለም።»

«ታዲያ ፍሬን የለህም?»

ይሄኔ የዚያን ልጅ ነገር ነገርኳቸው። ስለ ሁለቱ ጭረቶች ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «እናቱ አለች?» ብለው ጠየቁኝ። አለች አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና «በል የት ነው ሜዳው፣ ና አሳየኝ» አሉኝ።

አብረን በእግራችን ዞርን። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ገበያው ጫፍ ላይ፣ ጠጠር የፈሰሰበት ለጥ ያለ ቦታ አገኘን። እዚያ አወረድኩት። ከዚያ ጫኝና አውራጆች ተጠሩ፤ ሞተሩ ተፈትቶ ለብቻው፣ ማሽኑ ለብቻው በጋሪ ተገፍቶ ወጣ። ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ። እኔ ከሰዓት በኋላ የነበረኝ ሥራ አመለጠኝ። እሳቸውም ያላሰቡትን ገንዘብ ለጫኝና አውራጅ አወጡ፤ ግማሹን ከሒሳቤ ላይ ቀነስኩላቸው። ሁለታችንም በዚያ ቀን አላተረፍንም። ማታ ላይ ግን ረዳቴ እጁን ታጥቦ እራቱን ከእኔ ጋር በላ።

ከዚህ ታሪክ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ሹፌር «አይሆንም» ለማለት ድፍረት የሚያገኘው ነጋዴው «አይሆንም»ን መስማት ሲችል ነው። አብዛኛው ሹፌር ተቀጣሪ ነው። ዕቃ ሳያወርድ ቢመለስ ባለመኪናው ይቆጣዋል፣ አበሉም ይቀርበታል። ነጋዴው «ሌላው አውርዶ ሄዷል» ሲለው ልቡ እያወቀ ይሠራዋል። መኪናው የት እንዲቆም የሚያሳየው፣ በስንት ሰዓት እንዲያልቅ የሚያጣድፈው፣ ሒሳቡንም የሚከፍለው ነጋዴው ነው። ስለዚህ ፍሬኑ በከፊል በእናንተም እጅ ነው። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት ለእህል ነው፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል። የሰው ነፍስ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።

ድንበር ስለምትሻገሩም ጥቂት ልበል። በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ኬንያ ሲገባ ደግሞ በግራ። መሪው በግራ የሆነ የእኛ መኪና ኬንያ ውስጥ ሹፌሩን የመንገዱ ጠርዝ ጋ ያስቀምጠዋል። ለመቅደም ሲፈልግ ከፊት የሚመጣውን አያይም፤ ክንዱ ወደፊት የወጣ ክሬን ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እኔ ኬንያ ውስጥ መቅደም ትቻለሁ ማለት ይቻላል። ረዳቱም እንዳይተኛ አደርጋለሁ፤ ዓይኔ ነው። ኬንያዎች ረዳቱን «ታርንቦይ» ይሉታል፤ ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ሥራው አንድ ነው። አደባባይ ላይ አዟዟሩ ይገለበጣል። ስታቆሙም የመንገዱ ዳር በግራ ይሆናል፤ ወርዳችሁ ታኮ ስታስገቡ መኪና የሚመጣበትን አቅጣጫ ሁለቴ እዩ። ሌላው የኢንሹራንስ ነገር ነው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ለሦስተኛ ወገን የሚሆን ዋስትና ነው። ሹፌሩ ቢጫ ካርድ ያዘ ማለት መንጠቆው ላይ የተንጠለጠለው የእናንተ ማሽን ዋስትና አለው ማለት አይደለም። ይህን ለብቻው ጠይቁ።

ለአዳር ማቆምም የራሱ ሕግ አለው። ክሬን በተንጠለጠለ ዕቃ አያድርም፤ ክንዱ ታጥፎ፣ ፒቲኦው ተፈትቶ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ታኮ ተደርጎ ነው የሚያድረው። ለጥ ያለ ቦታ ጠፍቶ ተዳፋት ላይ ማደር ግድ ከሆነ፣ የፊት ጎማው መኪናው ቢለቅ እንኳ ወደ መንገዱ መሐል ሳይሆን ወደ ዳር እንዲወስደው ይጠመዘዛል። ረጅም ቁልቁለት ወርዳችሁ ፍሬኑ እንደጋለ ወዲያው የእጅ ፍሬን ስባችሁ አትተኙ፤ በታኮ አስደግፋችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ከዚያ ሳቡት። በጋለ ታምቡር ላይ ተጨምድዶ የበረደ ፍሬን ሊጎዳ ይችላል። መኪናው ሥር ደግሞ ማንም አይተኛም። በበረሃው ሙቀት ጥላው እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አይተኛም።

እንግዲህ ክሬን ስትከራዩ ዋጋውን ከመደራደራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ታኮ አለህ? አሳየኝ። ስንት ጣውላ ይዘሃል? ዕቃዬ ይህን ያህል ኪሎ ነው፤ ክንድህ በሚዘረጋበት ርቀት ይህን ያነሣል? ሰንጠረዡን አሳየኝ። የማወርድበት ቦታ ዳገት ነው፤ አስቀድመህ ታየዋለህ? የኋላ ጎማህ ሲነሣ መኪናህን ምን ይይዘዋል? ከእናንተም በኩል የዕቃውን ትክክለኛ ክብደት ንገሩት፤ ቀረጥ ለማቅለል ብላችሁ በወረቀት የቀነሳችሁትን ኪሎ ለክሬን ሹፌር አትንገሩት። ዕቃው ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት ሜዳ ፈልጉ። ለጫኝና አውራጅ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከወጪያችሁ ጋር ደምራችሁ ያዙ። ልጆችና ተመልካቾችንም ከአካባቢው አርቁ፤ ያ የሹፌሩ ሳይሆን የእናንተ ሠፈር ነው፣ እናንተን ይሰማሉ።

እነዚህን ስትጠይቁት የሚቆጣ ሹፌር ካጋጠማችሁ፣ በሰላም ሸኙትና ሌላ ፈልጉ። ደስ ብሎት ከጋቢናው ወርዶ ታኮውን የሚያሳያችሁ ከሆነ ግን ስልኩን ያዙ፤ ጥቂት ብር ቢያስጨምራችሁም ለሚቀጥለው ዕቃችሁ ጥሩት።